አሥር ኪሎ ቀንሼ ኤልዲኤሌ ለምን ጨመረ?

ማለዳ46 | ጥቅምት 4

ሰላም ለሁላችሁ። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ዕድሜዬ 46 ነው። ከአምስት ወር በፊት ደሜን ስመረመር 94 ኪሎ ነበርኩ። ጠቅላላ ኮሌስትሮል 262፣ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል) 178፣ ኤችዲኤል (ጥሩው የሚባለው) 38፣ ትራይግሊሰራይድ (ደም ውስጥ ያለ ስብ) 230። ሐኪሙ ወረቀቱን አይቶ «ክብደት ቀንስ፣ ስፖርት ሥራ፣ ከአምስት ወር በኋላ ተመለስ» አለኝ። ሦስት ደቂቃ አልፈጀም። ምን እንደምበላ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ቤት ገብቼ ራሴ ሳነብ አደርኩና ኬቶ የሚባለውን፣ ካርቦሃይድሬት ቀንሶ ስብ የሚያበዛውን አመጋገብ ጀመርኩ። ዳቦ፣ ሩዝ፣ ፓስታ፣ ስኳር፣ ለስላሳ መጠጥ፣ ሁሉንም በአንድ ቀን ተውኩ። በየቀኑ 40 ደቂቃ ፈጠን ብዬ እራመዳለሁ። አንድም ቀን አላቋረጥኩም፣ በዝናብም ወጥቻለሁ። ዛሬ 84 ኪሎ ነኝ። ደረጃ ስወጣ ማለክለክ ቀርቷል። እንቅልፌም ተስተካክሏል።

ትናንት ውጤቱን ተቀበልኩ። ጠቅላላ 254፣ ኤልዲኤል 186፣ ኤችዲኤል 44፣ ትራይግሊሰራይድ 120። ኤልዲኤሉን ደግሜ ደጋግሜ አየሁት። ጨምሯል! ወረቀቱን ይዤ መኪና ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ፣ ለባለቤቴ እንኳ መደወል አቃተኝ። አባቴ በ52 ዓመቱ ነው ልቡን ታሞ በድንገት የሄደው። ይህን ሁሉ ወር ስለፋ በአእምሮዬ የነበረው እሱ ነው።

ምን አጠፋሁ?

የናሙና ጠረጴዛ | ጥቅምት 4

ወንድሜ፣ አይዞህ። የምሠራው ላብራቶሪ ነው፣ እንዲህ ዓይነት ወረቀት በየሳምንቱ አያለሁ።

መጀመሪያ የተሻሻለውን እንይ፣ ምክንያቱም አንተ አላየኸውም። ትራይግሊሰራይድህ ከ230 ወደ 120 ወርዷል። ከ150 በታች ጤናማ ነው የሚባለው። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ የተውከው ስኳርና የቀነስከው ኪሎ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ኤችዲኤልህም ለወንድ ዝቅተኛ ከሚባለው ከ40 በላይ ወጥቷል።

ኤልዲኤል ሌላ ነገር ነው። በብዙ ላብራቶሪ በቀጥታ አይለካም፣ ይሰላል። ከጠቅላላው ላይ ኤችዲኤልን ትቀንሳለህ፣ ከዚያ የትራይግሊሰራይድን አንድ አምስተኛ ትቀንሳለህ። ያንተ 254 ሲቀነስ 44 ሲቀነስ 24፣ 186 ይመጣል። ስሌቱ ትክክል ነው። (ትራይግሊሰራይድ ከ400 ሲያልፍ ግን ይህ ስሌት አይታመንም።)

አንድ ጥያቄ አለኝ። ደሙን ስትሰጥ ኪሎህ ገና እየወረደ ነበር ወይስ ቆሟል? ሰው በፍጥነት ሲከሳ በስቡ ውስጥ የተከማቸው ኮሌስትሮል ወደ ደም ስለሚወጣ ቁጥሩ ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል።

ማለዳ46 | ጥቅምት 4

አመሰግናለሁ፣ ስለ ትራይግሊሰራይዱ እንዲህ ብሎ ያስረዳኝ የለም። ኪሎዬ ከቆመ አምስት ሳምንት አልፎታል። 84 ላይ ነው ያለሁት።

የናሙና ጠረጴዛ | ጥቅምት 4

እንግዲያው ምክንያቱ ማዕድህ ላይ ነው ያለው። ወይም በዘር የመጣ ነው። ወይም ሁለቱም።

54ኪሎ | ጥቅምት 5

እኔ ሴት ነኝ፣ ስሜ እንደሚለው 54 ኪሎ ነኝ። በሕይወቴ ወፍሬ አላውቅም። ኤልዲኤሌ ሲታወቅ 231 ነበር።

ዓመታት ሙሉ «አንቺ ቀጭን ነሽ፣ ኮሌስትሮል ምን አገባሽ» ተብያለሁ። የሚመረምረኝ አልነበረም። የተመረመርኩት እህቴ በ39 ዓመቷ ልቧን ስትታመም ነው። የዘር ኮሌስትሮል ይባላል፤ ከ250 ሰው አንዱ አካባቢ አለበት። ወላጅ ካለበት ለእያንዳንዱ ልጅ የመተላለፍ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ኤልዲኤሉ 190 እና ከዚያ በላይ የሆነ አዋቂ ሁሉ ይህ ነገር ሊጠረጠርለት ይገባል።

ያንተ 186 ነው፣ አባትህም ከ55 ዓመታቸው በፊት ነው ያረፉት። ልብ አድርገው። ወንድምና እህት አለህ? ተመርምረዋል?

ማለዳ46 | ጥቅምት 5

አንድ ታናሽ ወንድም አለኝ። 41 ዓመቱ ነው። እንደ አንቺ ቀጭን ነው። ተመርምሮ አያውቅም።

ቅቤ ወዳጅ | ጥቅምት 5

ወንድሜ አትደናገጥ። እኔ ሦስት ዓመት ኬቶ ላይ ነኝ። ትራይግሊሰራይድህ ዝቅ፣ ኤችዲኤልህ ከፍ ካለ ኤልዲኤል ብቻውን ምንም አያደርግህም። እኔ 220 ነኝ፣ እንደ ፈረስ ነው የምሮጠው። ስኳር ነው ሰውን የገደለው እንጂ ስብ አይደለም።

ሥርዓተ ምግብ | ጥቅምት 5

ቅቤ ወዳጅ፣ ስለ ስኳሩ ያልከው እውነት አለው። የማለዳን ትራይግሊሰራይድ ያወረደው እሱ ነው። ኤልዲኤል ምንም አያደርግም የሚለውን ግን ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

አንዳንድ ሰዎች ከተወለዱ ጀምሮ ኤልዲኤላቸውን ዝቅ የሚያደርግ የዘር ለውጥ ይዘው ይገኛሉ። ለምሳሌ ፒሲኤስኬ9 የሚባለው ፕሮቲን በደንብ የማይሠራላቸው ሰዎች አሉ። እነዚህ ሰዎች በልብ ደም ሥር በሽታ የሚያዙት ከሌላው በጣም ባነሰ ቁጥር ነው። በተቃራኒው ደግሞ 54ኪሎ እንደነገረችን ከፍተኛ ኤልዲኤል ይዞ የተወለደ ሰው ቀጭንም ቢሆን፣ ስፖርተኛም ቢሆን ቶሎ ይታመማል። ጉዳዩ ዛሬ የሚሰማህ አይደለም። ኤልዲኤል የደም ሥር ግድግዳ ውስጥ የሚጠራቀመው በዓመታት ነው፣ ሳያምም፣ ሳይነገር። 220 ይዘህ ጥሩ መሮጥህ ደም ሥርህ ደህና ለመሆኑ ማስረጃ አይሆንም። ሐኪም ጋ እንድትሄድ ከልቤ እለምንሃለሁ።

ማለዳ፣ ከጠዋት እስከ ማታ የምትበላውን ሳትደብቅ ጻፍልን። ማንም አይፈርድብህም።

ማለዳ46 | ጥቅምት 5

ጠዋት ቡና እጠጣለሁ። ውስጡ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤና አንድ የሾርባ ማንኪያ የኮኮናት ዘይት አለ። ቡናው የሚፈላ ነው፣ አይጠለልም። በቀን አራት ስኒ ይሆናል።

ምሳ ከነስቡ የተጠበሰ ሥጋ፣ ሁለት እንቁላል፣ ጎመን ወይም ሰላጣ። እራት ዶሮ ከነቆዳው ወይም ብዙ ቺዝ። ሲርበኝ ቺዝ እበላለሁ።

ጥራጥሬ የለም። ፍራፍሬ የለም። ካርቦሃይድሬት ናቸው ብዬ።

ሥርዓተ ምግብ | ጥቅምት 6

ይኸው ተገኘ። የጠዋቷን ስኒ ብቻ እንቁጠር። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቅቤ 7 ግራም ያህል የረጋ ስብ አለው፣ ሳቹሬትድ ፋት የሚባለው። የኮኮናት ዘይቱ ደግሞ 12 ግራም ያህል። ድምሩ 19 ነው። የአሜሪካ የልብ ማኅበር ኤልዲኤሉን ማውረድ ለሚፈልግ ሰው በቀን 2000 ካሎሪ ቢበላ የሚመክረው 13 ግራም ገደማ ነው፣ ያውም ለሙሉ ቀን። ምሳ ሳትበላ አልፈኸዋል።

ምን እንደሚሆን ላስረዳህ፣ ይህን ሰው ከገባው መከልከል ሳይሆን ምርጫ ይሆንለታል። ከደም ላይ ኤልዲኤልን የሚያነሳው በዋናነት ጉበት ነው። የጉበት ሴሎች ላይ ተቀባዮች አሉ፤ ኤልዲኤል ሲያልፍ ይዘው ወደ ውስጥ ያስገቡታል። ብራውንና ጎልድስታይን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1985 እ.ኤ.አ. ኖቤል የተሸለሙት ይህን በመግለጻቸው ነው። የረጋ ስብ ሲበዛ የእነዚህ ተቀባዮች ሥራ ይዳከማል። ስለዚህ ኤልዲኤሉ ደም ውስጥ ሲዞር ይቆያል።

አሁን ወደ ተውከው ነገር እንምጣ። ጥራጥሬ፣ አጃ፣ ፖም፣ ብርቱካን የሚሟሟ ፋይበር አላቸው። ይህ ፋይበር አንጀት ውስጥ እንደ ሙጫ ይሆንና ሐሞትን ይዞ ይወጣል። ሐሞት የሚሠራው ከኮሌስትሮል ነው። ጉበት አዲስ ሐሞት ለመሥራት ኮሌስትሮል ሲያጥረው ተቀባዮቹን ያበዛል፣ ከደም ላይ ይወስዳል። አየህ፣ በአንድ በኩል የሚያዳክመውን ጨመርክ፣ በሌላ በኩል የሚያበረታውን ተውክ። ኪሎህ ቀንሶ ኤልዲኤልህ የጨመረው ለዚህ ነው።

እንቁላሉን አትፍራው። በቀን አንድ ለአብዛኛው ጤነኛ ሰው ችግር አይሆንም፤ ምግብ ውስጥ ካለው ኮሌስትሮል ይልቅ የረጋው ስብ ነው ኤልዲኤልን ይበልጥ የሚያንቀሳቅሰው። ላንተ ግን ቁጥርህ እስኪወርድ በሳምንት ሦስት አራት አድርገው።

ስኒ | ጥቅምት 6

ስለ ቡናው ማንም ስላላነሳ ላንሳ። የፈላና ያልተጠለለ ቡና ካፌስቶል የሚባል ቅባት አለው፣ ኤልዲኤልን ከፍ ያደርጋል። በወረቀት ማጥለያ ካለፈ አብዛኛው ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ቡና ተው አላልኩም። እኔም አልተውም። አጥልለህ ጠጣ ነው የምለው።

ማለዳ46 | ጥቅምት 6

እውነቱን ልናገር፣ ፈራሁ። ጥራጥሬና አጃ ብመልስ ኪሎው የሚመለስ ይመስለኛል። ያን 94 ኪሎ ድጋሚ ማየት አልፈልግም። ምን ያህል ልብላ?

ሥርዓተ ምግብ | ጥቅምት 6

ፍርሃትህ ይገባኛል። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ግን 120 ካሎሪ አለው። የጠዋቷ ስኒህ ከ200 ካሎሪ በላይ ነበረች። እሷን ስትተው ለአንድ ሳህን አጃ ቦታ ተገኘ፣ ያውም እስከ ምሳ አያስርብህም።

እንዲህ ጀምር። ጠዋት አጃ በውኃ ወይም ቅባቱ በወጣለት ወተት፣ ከፖም ጋር። አጃ ውስጥ ያለው የሚሟሟ ፋይበር ቤታ ግሉካን ይባላል፣ በቀን 3 ግራም ሲሆን ነው ለውጥ የሚያመጣው። 80 ግራም ያህል ደረቅ አጃ ማለት ነው። በአንድ ጊዜ ካልሆነልህ ለሁለት ክፈለው። ምሳ ላይ ምስር፣ ሽምብራ ወይም ባቄላ፣ ከአትክልት ጋር። እራት ዓሣ ወይም ቆዳው የተገፈፈ ዶሮ። ቅቤውንና የኮኮናት ዘይቱን በወይራ፣ በሱፍ ወይም በካኖላ ዘይት ለውጥ፣ ግን በማንኪያ ለካ። ሲርብህ በቺዙ ፈንታ ጨው የሌለው ለውዝ፣ እፍኝ ብቻ። ለውዝ ጥሩ ነው፤ ከረጢቱን ይዞ ከተቀመጡ ግን ኪሎ ይጨምራል።

ነጭ ዳቦውንና ስኳሩን አትመልስ። ቅቤ ቀንሶ በቦታው ብስኩት የሚበላ ሰው ምንም አላተረፈም፣ ትራይግሊሰራይዱ ተመልሶ ይወጣል።

እማማ ጥሩ | ጥቅምት 7

ልጄ፣ እኔ 71 ዓመቴ ነው። ስልክ ላይ የሚያጽፈኝ የልጅ ልጄ ነው። አባትህ ያንን ያህል ልጅ ሆነው መሄዳቸውን ሳነብ አዘንኩ። ነፍሳቸውን ይማር።

ጥራጥሬውን በአንድ ቀን አታብዛው። ሆድህ ለአምስት ወር አላየውም፣ ይነፋሃል፣ ይጮሃል፣ ከዚያ ትጠላዋለህ። መጀመሪያ ሦስት ማንኪያ፣ ሳምንት ሲሞላ ግማሽ ሳህን። ባቄላውንና ሽምብራውን ሌሊቱን ዘፍዝፈህ ውኃውን ድፋው። ውኃ በደንብ ጠጣ፣ አለበለዚያ ፋይበሩ ያደርቅሃል። እኔ ስኳር በሽታም አለብኝ፣ ይህን ሳልቸኩል ነው የለመድኩት።

ማለዳ46 | ጥቅምት 7

እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዕድሜና ጤና ይስጥዎት። ዛሬ ማታ እዘፈዝፋለሁ።

ብረትና ወንበር | ጥቅምት 8

ስለ ስፖርቱ አንድ ነገር። በቀን 40 ደቂቃ በሳምንት 280 ደቂቃ ነው። የሚመከረው ቢያንስ 150 ስለሆነ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረህም። ከዚህ በላይ ብትራመድ ኤልዲኤልህ ብዙ አይነቃነቅም፣ እውነቱ ይህ ነው። እርምጃ ትራይግሊሰራይድን፣ የደም ግፊትን፣ የደም ስኳርን ያወርዳል፣ ኤችዲኤልን ትንሽ ከፍ ያደርጋል። ኤልዲኤል ላይ ያለው ኃይል ትንሽ ነው። ስለዚህ ያልሠራህ አይምሰልህ፤ ሥራው ሌላ ቦታ ላይ ነው የታየው።

የጎደለህ የጡንቻ ሥራ ነው። ሰው ሲከሳ ስብ ብቻ አይደለም የሚሄደው። ከሚቀነሰው ኪሎ ሩብ ያህሉ ስብ ያልሆነ ሊሆን ይችላል፣ ጡንቻ አለበት። ጡንቻ ከሄደ ኪሎው ቶሎ ይመለሳል። ጂም አያስፈልግህም። በሳምንት ሁለት ቀን ከወንበር ላይ ሳትደገፍ ተነስና ተቀመጥ፣ አሥራ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ግድግዳ ላይ ፑሽ አፕ፣ ሲቀልህ ጠረጴዛ ላይ፣ ከዚያ መሬት ላይ። በሁለቱም እጅ ከባድ ነገር ይዘህ ቤት ውስጥ ተራመድ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ድግግሞሾች ካልከበዱህ ቀሎሃል ማለት ነው፣ ጨምር። ደረትህን የሚጫንህ ወይም ራስህን የሚያዞርህ ነገር ከተሰማህ ግን ወዲያው አቁምና ሐኪም ጋ ሂድ። የአባትህን ነገር አስበህ ይህን አታቃልል።

54ኪሎ | ጥቅምት 8

ሐኪም ጋ ስትመለስ ታይሮይድህንም (አንገት ላይ ያለውን ዕጢ) እንዲያዩልህ ጠይቅ። ታይሮይድ ሲደክም ኤልዲኤል ይወጣል፣ በቀላል የደም ምርመራ ይታወቃል።

ማለዳ46 | ጥቅምት 27

ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ሚዛኑ 85.5 አለኝ። አንድ ተኩል ኪሎ ጨመርኩ! ሁሉንም እንደነገራችሁኝ ነው የበላሁት። ትናንት ማታ አጃውን አውጥቼ ልጥለው ነበር።

ሥርዓተ ምግብ | ጥቅምት 27

እንኳን አልጣልከው! ይህን አስቀድሜ ልነግርህ ይገባኝ ነበር፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ካርቦሃይድሬት ሲቀር ጡንቻና ጉበት ውስጥ የሚቀመጠው የስኳር ክምችት፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ያልቃል። ግላይኮጅን ውኃ ይዞ ነው የሚቀመጠው፣ ለአንድ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውኃ። ኬቶ ስትጀምር በመጀመሪያው ሳምንት ብዙ ኪሎ የወረደው በከፊል ይህ ውኃ ነበር። አሁን የተመለሰው እሱ ነው። አንድ ኪሎ ስብ 7700 ካሎሪ ገደማ ነው፤ በምስርና በአጃ በሦስት ሳምንት ይህን ያህል ትርፍ አልበላህም። ወገብህን በሜትር ለካ።

ማለዳ46 | ጥቅምት 28

ወገቤ አልተለወጠም። እንዲያውም ግማሽ ሴንቲ ቀንሷል። ቀጥያለሁ።

ማለዳ46 | ጥር 22

ተመልሻለሁ። አሥራ አምስት ሳምንት ሞልቷል። 83 ኪሎ ነኝ።

ጠቅላላ 215፣ ኤልዲኤል 148፣ ኤችዲኤል 45፣ ትራይግሊሰራይድ 110። ታይሮይዴ ደህና ነው።

ከ186 ወደ 148! ወረቀቱን ስቀበል እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። በዚህ ጊዜ ለባለቤቴ ደወልኩ።

ከሁሉ የከበደኝ ቺዙ ነው። ቡናውን በወረቀት አጥልዬ መጠጣት በሁለት ሳምንት ለመድኩት። ሽምብራ ደግሞ ይህን ያህል እወደዋለሁ ብዬ አላስብም ነበር። ፑሽ አፑ መሬት ላይ ደርሷል፣ ዘጠኝ እሠራለሁ።

ወደ ሌላ ሐኪም ነው የሄድኩት። ይህች አርባ ደቂቃ አነጋገረችኝ። «ምግብህ የሚችለውን ያህል አውርዶልሃል፣ ያንተን የቤተሰብ ታሪክ ላለው ሰው ግን 148 አሁንም ብዙ ነው» አለችኝ። ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚያወርድ መድኃኒት እንድጀምር ትፈልጋለች። አንድ ወር ላስብ ብያታለሁ። እንደተሸነፍኩ ሆኖ ተሰማኝ፣ አልዋሻችሁም።

54ኪሎ | ጥር 22

ኤልዲኤልህ ከአምስት እጅ አንዱ ወርዷል። ይህ በሹካ የሠራኸው ነው፣ ማንም አይወስድብህም።

እኔ ስታቲን ከጀመርኩ ስድስት ዓመቴ ነው። አጃውንም፣ ባቄላውንም፣ እርምጃውንም አልተውኩም። መድኃኒቱ የሚሠራው እዚያው ጉበት ላይ ነው፤ ጉበት ራሱ ኮሌስትሮል መሥራቱን ይቀንስና ተቀባዮቹን ያበዛል። ምግብህ መሠረቱን ስለጣለ ምናልባት ትንሽ መጠን ይበቃህ ይሆናል። ጡንቻህን ካመመህ ዝም ብለህ አታቋርጥ፣ ንገራት፤ ዓይነቱን ወይም መጠኑን ይለውጡልሃል። እኔ በሁለተኛው ዓይነት ነው የተስማማሁት። ከመጀመርህ በፊት የምትወስደውን ሌላ መድኃኒት ሁሉ ንገራት። ግሬፕፍሩት የምትወድ ከሆነም ጠይቃት፣ ከአንዳንዶቹ ጋር አይስማማም።

እማማ ጥሩ | ጥር 23

ልጄ፣ አባትህ ይህ መድኃኒት አልደረሰላቸውም። ላንተ ደርሶልሃል። እኔ እወስደዋለሁ፣ ምንም አላለኝም።

ቅቤ ወዳጅ | ጥር 24

እኔም ባለፈው ሳምንት ሄጄ ተመረመርኩ። ኤልዲኤሌ 241 ሆኗል። ሥርዓተ ምግብ፣ ስለገፋፋሽኝ አመሰግናለሁ። የጠዋቱን ቅቤ ከትናንት ጀምሮ አቁሜያለሁ። ማለዳ፣ አጃውን እንዴት ነው የምትሠራው? የኔ ሙጫ ሆነብኝ።

ማለዳ46 | ጥር 24

ወንድሜ፣ ውኃውን አብዛው። ለአንድ ኩባያ አጃ ሁለት ኩባያ ተኩል። እሳቱን ዝቅ አድርግና ፖሙን ከነልጣጩ ቆራርጠህ መጨረሻ ላይ ጨምር። ቀረፋ ካለህ ትንሽ በተን አድርግበት፣ ስኳር አያስፈልገውም።

እማማ፣ ቃልዎን ለባለቤቴ አነበብኩላት። ነገ ለሐኪሟ እደውላለሁ፣ ወር አልጠብቅም።

54ኪሎ፣ ያኔ ስለ ወንድሜ ጠይቀሽኝ ነበር። ሦስት ወር ሙሉ «እኔ ቀጭን ነኝ» ሲለኝ ከረመ። ያንቺን ጽሑፍ ስልኩ ላይ ላኩለት። ማክሰኞ ጠዋት ደም ይሰጣል፣ አብሬው እሄዳለሁ።